አልፈነው የወረድነው ውሃ

ዛሬ ጠዋት ምስር እየለቀምኩ ነበር። ግማሹ የኛ ነው፣ ግማሹ የጎረቤቴ የአማኔ። አማኔ በዕድሜ ብታንሰኝም ዓይኗ ቀድሞኝ ደክሟል፤ ስለዚህ ምስሯን እኔ እለቅምላታለሁ፣ እሷ ደግሞ እኔ የማልችለውን ታነሳልኛለች። የልጄ ልጅ ሀናን አጠገቤ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች። ድንገት ቀና አለችና፣

«እማማ፣ ጠጠሩን ለምን አይጥሉትም? ለምንድነው የሚደረድሩት?» አለችኝ።

አየሁት። እውነትም ደርድሬዋለሁ። ከምስሩ የለቀምኩትን ጠጠር በሰፌዱ ጠርዝ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መጀመሪያ የወጣውን መጀመሪያ፣ ኋላ የወጣውን ኋላ አድርጌ አሰልፌዋለሁ። እኔ ራሴ ልብ ብዬው አላውቅም። ስንት ዘመን እንዲህ ሳደርግ እንደኖርኩ አላህ ይወቀው።

«የሥራ ልማድ ነው» አልኳት።

«የምን ሥራ? ሱቅ አይደል እንዴ የነበረዎት?»

«ሱቁማ ኋላ ነው። ከሱቁ በፊት ውሃ ቆፋሪዎች ጋር ነበርኩ።»

ሳቀች። እኔን አካፋ ይዤ አስባኝ ነው መሰለኝ። «እንግዲያው ደብተርሽን አምጪና ጻፊ» አልኳት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ልናገር፣ እሷ ትጻፍ። አደራሽን ቃሌን እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አባቴ ከስልጤ መጥቶ እዚህ አሰላ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና ይሸጣል። እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። ቤት ውስጥ የአባቴን ቋንቋ፣ ሱቅ ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ከልጆች ጋር ኦሮምኛ እያወራሁ አደግኩ። ገና ልጅ ሳለሁ ዳሩኝ። ባሌን ቆላ ወርዶ ወባ በላው፤ ልጄን ታቅፌ አባቴ ቤት ተመለስኩ።

አንድ ቀን ትልቅ መኪና ሱቁ ደጅ ቆመ። ቆላ ወርደው የጉድጓድ ውሃ የሚቆፍሩ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ቀለብ ሊገዙ ነው የመጡት። ከመሃላቸው አንድ ቀጭን፣ ኮስታራ ሰውዬ ነበሩ፤ ጋሽ ሀብቴ ይሏቸዋል። የማሽኑ አንቀሳቃሽ እሳቸው ናቸው፤ ሥራውን በወጣትነታቸው ከጣሊያኖች ነው የተማሩት። ወጥ ቤታቸው ሙቀቱን ጠልቶ ጠፍቶባቸዋል።

«ወጥ የሚሠራ፣ ኦሮምኛም የሚችል ሰው አይጠፋህም» አሉት አባቴን።

«ሁለቱንም የምትችል አለች። ግን ሴት ናት። ደግሞም ልጄ ናት።»

«ወጡ ይሄን አይጠይቅም።»

አባቴ እንቢ አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ልጁን እኔ እይዛለሁ፤ ትሂድ። እዚህ ቁጭ ብላ ግድግዳ ከምታይ!» ብላ ጮኸች። አባቴ ጋሽ ሀብቴን እንደ ልጃቸው ሊያዩኝ አስምሎ ለቀቀኝ። ለድስትና ለአፍ ነው የተቀጠርኩት ማለት ነው፤ ላበስልና ላስተረጉም። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም በወሩ ይመጣል። ስለሱ ይሄ ይበቃል።

ከአሰላ ወደ ሁሩታ፣ ከሁሩታ ወደ ዴራ ስትወርጂ ታውቂዋለሽ፤ ጋቢ ለብሰሽ ተነስተሽ ጋቢውን ተሸክመሽ ነው የምትደርሺው። ገብሱና ስንዴው ከኋላሽ ይቀራል፤ ከፊትሽ ግራርና አቧራ ነው። ከዴራ ዝቅ ብሎ ቦሩ የሚባል መንደር ነበር፤ እዚያ ነው ድንኳን የተከልነው። ቦሩ ቆመሽ ወደ ኋላ ዘወር ስትይ ጭላሎ ተራራ ጥቁር ደመና ለብሶ ይታይሻል። ዝናቡ እዚያ ላይ ሲወርድ እናየዋለን፤ እኛ ዘንድ ግን አይመጣም። ሰዉ የሚጠጣው አባቶቻቸው ከቆፈሩት ኩሬ ነው። በጋ ሲገባ ኩሬው ጭቃ ይሆናል፤ ያኔ ሴቶቹ አህያ ጭነው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከንጋት በፊት ወጥተው የሚመለሱት ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ከብቱ ደግሞ እመንገድ ላይ ያልቃል።

ሠራተኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው፣ እኔ እስላም፣ መንደሩም እስላም። የማን ቢላ የማንን በግ ይረድ የሚል ጣጣ እንዳይመጣ ምስርና ሽሮ፣ ሽሮና ምስር እያፈራረቅሁ አበላኋቸው። አንዱ ሠራተኛ፣ «ዘይነባ ሳትናገር ሁዳዴ አስገባችን» ይል ነበር።

ማሽኑ እንደዛሬው የሚሽከረከር አይደለም። ከባድ የብረት መሮ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ይነሳል፣ ይወድቃል። ዘነዘናው ብረት፣ ሙቀጫው ምድር ነው በይው። የተወቀጠው ሲበዛ መሮውን ያወጡና ግርጌው ክዳን ያለው ረጅም ቱቦ ያወርዳሉ፤ ጭቃውን ቀድቶ ይወጣል። ጋሽ ሀብቴ ቀኑን ሙሉ ገመዱ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ይቆማሉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነኪው አድርገው። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «አሁን አለት ነው» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «አሁን ለሰለሰች።» ሰው አጠገባቸው ሲያወራ፣ «ዝም በሉ፣ እያወራችኝ ነው» ይላሉ። ሠራተኞቹ ይሄን ይዘው፣ «ጋሽ ሀብቴ ከሚስታቸው ጋር እንኳ ይሄን ያህል አያወሩም» እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸው አይስቁም። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

የወጣውን ጭቃ አንድ ሠራተኛ በባልዲ ውሃ አጥቦ ድንጋዩን ያስቀራል። ሳየው ደቃቁን ሁሉ አብሮ ይደፋዋል። «ስጠኝ እስቲ» አልኩና በገበቴ አደረግሁት። ጤፍ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ውሃ ላይ ስታንገዋልይ የምታደርጊውን ነው ያደረግሁት፤ ክብ፣ ክብ፣ በቀስታ፤ ቀላሉ ይወጣል፣ ከባዱ ይቀመጣል። ጋሽ ሀብቴ መጥተው አዩኝ። ከታጠበው ቆንጠር አድርገው በፊት ጥርሳቸው ነከሱት። ልማዳቸው ነው፤ ከተንኮሻኮሸ አሸዋ፣ እንደ ቅቤ ካለፈ ሸክላ ነው ይላሉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከድስቱ ጋር ይሄም ያንቺ ነው» አሉኝ።

ጆንያ ዘርግተው አስተማሩኝ። መጀመሪያ የወጣው በግራ በኩል፤ ቀጥሎ የወጣው ከሱ ቀጥሎ፤ አንዷ ቁልል ከሌላዋ ጋር እንዳትነካካ። «አንዱን ካምታታሽ ምድሪቱን ገለበጥሻት ማለት ነው» አሉኝ። እንግዲህ ልጄ፣ ጠጠር የመደርደር ነገር ከዚያ ነው።

ቦሩ ላይ መጀመሪያ የወጣው ተራ አፈር ነው። ቀጥሎ ጥቁር ጠጠር መጣ፤ ክብ ክብ፣ ልስልስ ያለ፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ። ወንዝ በሌለበት! ጋሽ ሀብቴ አንዱን በጣታቸው እያገላበጡ፣ «ይሄ የጭላሎ ድንጋይ ነው። ድሮ ድሮ ጎርፍ እያንከባለለ ነው ያመጣው፤ ሲንከባለል ነው የከበበው» አሉኝ። እጠጠሩ መሃል ውሃ ነበር። በጣሳ ቀዱና መጀመሪያ እጃቸውን ታጥበው፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ ቀመሱ። ለኔም ሰጡኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ የአሰላ ውሃ ነበር የመሰለኝ።

ችግሩ ትንሽ ነው። ሁለት ሦስቴ ሲቀዳ ይነጥፍና እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አለቃችን ወጣት መሐንዲስ ነበር፤ አልፎ አልፎ በላንድሮቨር ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም። አየውና፣ «ይሄ ለአንድ ጎጆ ነው የሚሆነው። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከነከብቱ እየጠበቀ ነው፤ ይውረድ» አለ። ጋሽ ሀብቴም ተስማሙ። ብረት ቱቦ አውርደው፣ ዙሪያውን በሸክላ ጠቅጥቀው ያንን ውሃ አፈኑትና አልፈው ወረዱ።

ከዚያ በታች ነጭ ነው። እንደ ዱቄት ነጭ፤ ብዙ ቀን ነጭ ብቻ ነው የወጣው። ሳጥበው እገበቴው ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ቀረልኝ፤ ከጥፍሬ ያነሰ። ሌላ ቀን ደግሞ የዓሣ አጥንት፤ እንደ መርፌ የቀጠነ። አሳየኋቸው። የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ቱፋ በየቀኑ እየመጡ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩን ነበር፤ ጋሽ ሀብቴ ጠሯቸውና አቧራው ላይ በእንጨት ሥዕል ሣሉ። አንድ ፈረንጅ ያሳያቸውን ነው። «ዛሬ ዝዋይ አለ፣ ላንጋኖ አለ፣ እነ ሻላ አሉ። ሰው ሊቆጥረው በማይችል ዘመን ዝናቡ እንዲህ አልነበረም፤ ብዙ ነበር። ሁሉም አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ውሃው እስከዚህ ድረስ ተኝቶ ነበር። እሳት የሚተፋ ተራራም ነበር፤ አመዱ እሐይቁ ውስጥ እየወረደ ተኛ። በኋላ ሰማዩ ጨከነ፤ ሐይቁ እየሸሸ ሄደ። ይሄ ነጭ አፈር ወለሉ ነው» አሉ። እኔ በኦሮምኛ መለስኩላቸው።

ኦቦ ቱፋ ነጩን አፈር አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ይሄ ሁሉ ውሃ ነበር?»

«ነበር።»

«አባቶቻችን ይሄን አልነገሩንም። ለመሆኑ ማን ይጠጣው ነበር?»

«ሰው ገና አልመጣም ነበር ይሆናል።»

«እኛ ስንመጣ ደረቀ በለኛ! ድሮም ዕድላችን ነው።» ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ከነጩ በታች የወጣው ድንጋይ ጉድ ነበር። እሳፋ ውስጥ ስጨምረው ተንሳፈፈ። ድንጋይ! እንደ ቡሽ ውሃ ላይ ይዋኛል። ጋሽ ሀብቴ ገመዱን ይዘው፣ «ደረስን» አሉ፤ ሳይውል ሳያድር ውሃው ራሱ በቱቦው ወደ ላይ ተነሳ። ሲቀዱት አያልቅም። ለብ ያለ ነው፤ እጅ ላይ እንደ ሐር ይንሸራተታል። ልብስ ሳጥብበት ትንሽ ሳሙና አረፋው ሞልቶ ፈሰሰ። ባቄላ ብጥድበት ዞር ሳልል ፈረሰ። ሻዩ ደግሞ ጠቆረ።

የዚያን ቀን መንደሩን ብታዪው! ላሞቹ ማንም ሳይነዳቸው ሽታውን ይዘው መጡ፤ ጠጡ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ትንፋሽ ወሰዱ፣ ደግመው ጠጡ። ኦቦ ቱፋ ከላሚቷ አፍ ሥር በመዳፋቸው ቀድተው ቀመሱና፣ «ሆራ!» ብለው ጮኹ። «ሆራ! ሆራ ከደጃችን ወጣ!» ሆራ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ጨው ጨው የሚለው የከብት ውሃ ነው። አርሲ ከብቱን ለሆራ ስንት ቀን መንገድ ይነዳል፤ ሆራ የጠጣች ላም ትወፍራለች፣ ወተቷ ይበዛል ይላሉ። ጎረምሶቹ እየዘፈኑ ማሽኑን ከበቡት። ኦቦ ቱፋ ጋሽ ሀብቴን ትከሻቸውን ስመው ወይፈን ሊሰጧቸው ነበር።

ከሴቶቹ አንዷ ቦንቱ ትባላለች። ወደዚያ መንደር ያገቧት ከሩቅ፣ ከፍል ውሃ አካባቢ ነው። ሴት ልጅ ወልዳ ገና በጀርባዋ ያዘለች ናት፤ ለሊሴ ትላታለች። ቦንቱ ሁልጊዜ ስታወራ በአንድ እጇ አፏን ትሸፍናለች፤ እኔ ዓይን አፋር ትመስለኝ ነበር። ውሃውን ቀመሰች፤ ጣሳውን መሬት አስቀምጣ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ድስቴ ዘንድ መጣች።

«ይሄ ውሃ የአባቴ አገር ውሃ ነው» አለችኝ። «ጣዕሙን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ መልካም አይደል?»

እጇን ከአፏ አነሳች። ጥርሷ ቡናማ ነው፤ የተጫረ፣ የተቦረቦረ፣ የዛገ ብረት የመሰለ። ያኔ ሃያ ዓመት አይሆናትም።

«እናቴ ከደጋ ነው ያገቧት፤ ጥርሷ እንደ ወተት ነበር። እዚያ ሰባት ወለደች። ሰባታችንም እንዲህ ነን። ከውጭ ያገቧቸው ሁሉ ጥርሳቸው ደህና ነው፤ የሚወልዱት ልጅ ግን እንደኔ ነው። ውሃው ነው። እኔ አንድ እጄን ለአፌ ሰጥቼ ነው የኖርኩት፤ ይቺን ልጅ በሁለት እጇ እንድትሠራ ነው የምፈልጋት።»

ይዣት ወደ ጋሽ ሀብቴ ሄድኩ። የምትለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። አንዴ አፏን እንድትከፍት ለመኗት፤ አዩ። ከዚያ ወደ ጆንያው ሄዱ። ከቀኝ ጫፍ፣ ከሚንሳፈፈው ድንጋይ ጀምረው፣ ነጩን ሁሉ አልፈው፣ ወደ ግራ ተራመዱ። ክቡ ጥቁር ጠጠር ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቁጢጥ አሉና አንዱን አነሱ።

«እዚህ ነበር መቆም የነበረብኝ» አሉ። «የላይኛው የጭላሎ ዝናብ ነው፤ አምና ካቻምና የዘነበ። የታችኛው ግን የዛሬ ሰማይ ያዘነበው አይደለም። ያ ሐይቅ ሳይደርቅ የገባ ነው፤ ከአመዱና ከትኩሱ ድንጋይ ጋር ስንት ዘመን ተኝቷል። ውሃ ከድንጋይ ጋር ሲኖር ድንጋዩን ይጠጣዋል። እኛ ደግሞ አሁን እሱን ልንጠጣ ነው።»

አለቃችን በመጣ ጊዜ ነገሩት። ችላ አላለም፤ ቁጭ ብሎ ሰማ። «ጋሽ ሀብቴ፣ ሐኪሞቹ ገና እየተከራከሩበት ነው። እኔ ግን የማውቀው ጥርስ አይገድልም፣ ጥም ይገድላል። ማሽኑን ሌላ ቦታ ሕዝብ እየጠበቀው ነው» አለ። «ከጎኑ ትንሿን ልቆፍራት» ብለው ለመኑት። ጊዜ አልሰጣቸውም። አንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ ውሃው ለከብት ብቻ እንዲሆን።

ጋሽ ሀብቴ ይሄንን በእጃቸው ሠሩት። ውሃ የሚወርድበትን ቧንቧ በጣም ዝቅ አድርገው ገንዳው ላይ ገጠሙት፤ እንስራ ከሥሩ እንዳይገባ። ሰዉ ተሰበሰበ፤ እኔ ቆሜ ቃላቸውን ተረጎምኩ። «ይሄ ውሃ ለከብት ነው፤ ለሰው አይደለም።»

ኦቦ ቱፋ ሳቁ። «ለከብት ከሆነማ ከዚህ በላይ ምን አለ? ላሜ የምትጠጣውን እኔ ልጠየፍ? ከላሜ በልጬ ነው?»

«የልጆቹን ጥርስ ያበላሻል» አልኩ፤ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ።

«ወተት ለመጠጣት የምን ጥርስ ያስፈልጋል?» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ምን ልበልሽ፣ ልጄ፤ ለጋሽ ሀብቴ ለከብት ማለት ዝቅ ያለ ነው፤ ለነሱ ለከብት ማለት የምርጥ ምርጥ ነው። ቃሉን በትክክል ነው ያደረስኩት፤ እዚያ ማዶ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ። ያን ዕለት ገና እኛ ዕቃ ስንጭን ሴቶቹ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክከው በጣሳ እየጨለፉ እንስራቸውን ይሞሉ ነበር። ጋሽ ሀብቴ ያን ዝቅ ያለ ቧንቧ እያዩ ቆሙ። ሴቶቹን ከማንበርከክ በቀር የፈየደው ነገር የለም።

ከመሄዳችን በፊት ቦንቱንና ባሏን ይዘው ከመንደሩ በላይ ወዳለው ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ሄዱ፤ እኔም አብሬ። በዱላቸው ጠጠሩን እየነካኩ ሄደው ሄደው አንድ የሾላ ዛፍ ሥር ቆሙ። «ጥሩው ውሃ ያለው ነጩ አፈር ከመምጣቱ በፊት ነው። ክቡን ጠጠር እስክታገኙ ቆፍሩ፤ ነጩን ካያችሁ አልፋችኋል ማለት ነው፣ ቁሙ» አሉ። ሁለት ዶማና ገመድ ትተውላቸው ሄድን። ስንሄድ ጎረምሶቹ፣ «ቦንቱ ሆራ ንቃ ጠጠር ልታልብ ነው» እያሉ ይዘፍኑባት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ዞርኩ። ወደ አዋሽ ወረድን፣ ወደ ዝዋይ ዞርን፣ ሌላ አለቃ መጣ፣ እሱም ሄደ፣ ሌላ መጣ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይተኛል፤ ገበቴው ግን ያው ነው። የተለወጡት ጋሽ ሀብቴ ናቸው። ከቦሩ በኋላ አንድ መንደር ስንደርስ ማሽኑ ሳይወርድ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ቦታ ፈልገው ይሄዳሉ። ቆባቸውን ገልብጠው ያጠልቃሉ። ጆሯቸውን ይይዛሉ። ከዚያ እንደ አህያ ያናፋሉ። ያ ኮስታራ ሰውዬ! ልጆቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ቀጥሎ ይስቃሉ፤ ከዚያ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። እሳቸው ያናፋሉ እንጂ ዓይናቸው አይስቅም፤ ዓይናቸው የልጆቹን አፍ አፍ ነው የሚያየው። ጥርሳቸው ነጭ ከሆነ፣ «ሰዎቹ የሚጠጡትን ጠይቂልኝ፤ ከዚያው አጠገብ እንቆፍራለን» ይሉኛል። ቡናማ ካዩ ቆባቸውን አቃንተው፣ «ጥልቅ አንወርድም» ይላሉ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ «ሰውዬው ያማቸዋል እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል። «አዎ፣ ቦሩ ላይ ነው የጀመራቸው» እለዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። የሆነ ጊዜ ገንዳው ተሰንጥቆ ኖሮ ሊጠገን ሲባል ወደ ቦሩ ተላክን። ከብቱ በዝቷል፣ ቤቱ በዝቷል። ኦቦ ቱፋ አርጅተዋል፤ አቅፈው ሳሙን። ስንት ላም እንደዳነ፣ ወንዝ የሚወርድ ሴት እንደሌለ ነገሩን፤ እውነታቸውን ነው። ልጆቹ መኪና ለማየት ተግተልትለው መጡ። ከኛ በኋላ ያደጉ ናቸው፤ የወተት ጥርሳቸውን ጥለው ዋናውን ያበቀሉ።

ጋሽ ሀብቴ ከመኪናው ወረዱ። ቆባቸውን ገለበጡ። «ይተዉት፣ ጋሽ ሀብቴ» አልኳቸው። አልሰሙኝም። አናፉ። ልጆቹ ሳቁ፤ ግማሾቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ያልሸፈኑት ሁሉ ቡናማ ነበር። ጋሽ ሀብቴ መሃል ላይ ድምፃቸው ተቋረጠ፤ ጆሯቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ያኔ ከኋላ፣ ትንሽ እንስራ ያዘለች ልጅ፣ የቀሩትን ሳታይ ብቻዋን ስትስቅ አየናት። ጮክ ብላ፣ ሁለት እጇ የእንስራውን ገመድ ይዞ፣ አፏ ተከፍቶ። ነጭ ነው። እንደ ወተት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«የቦንቱ። ለሊሴ።»

ጋሽ ሀብቴ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ቆባቸውን አላቃኑም።

ቦንቱ ዘንድ ሄድን። ሾላው ሥር ጉድጓድ አለ፤ በእጅ የተቆፈረ፣ ደረጃ የወጣለት። ውሃው ያው ትንሽ ነው። «ጠዋት ጥቂት እንስራ፣ ማታ ጥቂት እንስራ» አለችን። «አሁን ሴት ልጅ ያላቸው እናቶች እየመጡ ይቀዳሉ። ለወንድ ልጅ ግን አይመጡም፤ ወንድ ጢም ያበቅላል፣ ይሸፍንለታል ይላሉ።» ይሄን ስትል ሳቀች፤ እጇን በልማድ ወደ አፏ ወሰደችው።

ጋሽ ሀብቴ ያንን ጠጠር ያለበትን ቦታ በማሽን ሊያሰፉ፣ ቱቦ ሊያወርዱ ጠየቁ። ቆይ ተባለ። ቆይ እንደተባለ ማሽኑ ራሱ አረጀ። በቦታው የሚሽከረከረው መጣ። ጋሽ ሀብቴ ሄደው መዳፋቸውን እብረቱ ላይ አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቆዩና፣ «ትጮሃለች እንጂ አታወራም» አሉኝ። ብዙ ሳይቆዩ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሄዱ። ሲሰናበቱኝ፣ «ሰልፉን እንዳታምታቺ» ብቻ ነው ያሉኝ። እኔም አሰላ ተመለስኩና አባቴ ሱቅ ገባሁ። ስኳርና ሳሙና መሸጥ ጀመርኩ። ሥራዬ ይሄ ነበር።

ሀናን ጽፋ ስትጨርስ አማኔ ምስሯን ልትወስድ መጣች። አማኔ የቦሩ ልጅ ናት፤ የኦቦ ቱፋ የልጅ ልጅ። አግብታ አሰላ ከመጣች ጀምሮ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ያን ቀን ጋሽ ሀብቴ ጆሯቸውን ይዘው ካናፉላቸው ልጆች አንዷ ትሁን አትሁን ጠይቄያት አላውቅም። ስትስቅ ሻሿን አፏ ላይ እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፤ ይሄን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አላወራንበትም። ሀናን ልጅ ናት፣ ምኑን ታውቃለች፤ «ላንብብልዎት?» አለቻትና አነበበችላት። እኔ ምስሩን ደግሜ መልቀም ጀመርኩ፤ የሚለቀም ነገር አልነበረውም።

አማኔ እስከ መጨረሻው ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ሰማች። ንባቡ የአያቷ ቀልድ ጋ ሲደርስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ካለቀ በኋላ ሻሿን ለቀቀችው።

«አዴ ዘይነባ፣ ሁሉን ተናግረዋል» አለችኝ። «አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ምን ቀረ?»

ወደ ሀናን ዞረች፤ አፏን ሳትሸፍን እየሳቀች፣

«ልጄ፣ ብዕርሽን አንሺና ይሄንንም ጻፊ» አለቻት። «ሆራው ይጣፍጥ ነበር።»